ከኋላችን የምትሄደው ድኩላ

ጥር 1 ቀን 1966 ዓ.ም.
ከደንቆሮ ጫካ ጥግ፣ ቦረና

ለልጄ ለብርሀንነሽ፤ ደሴ

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር አይደለም፤ ደህና ነን። እናትሽ በለጡም ደህና ናት። ዛሬ ጠዋት ተነሥታ ደጁን ጠርጋለች።

ለጠየቅሽኝ ነገር መልሱ አይሆንም ነው። አንቺ ወዳለሽበት ወደ ተራበ ሰው መጠለያ አንወርድም። አትቆጪ። መካነ ሰላም ገበያ ስወጣ «የአራጌ ልጅ ደሴ ላይ ድሬሰር ሆና የወደቀ ሰው ታነሣለች» ይሉኛል፤ አንገቴ በክንድ ይረዝማል። ነገ ደግሞ «የአራጌ ልጅ አባቷን ከመንገድ አነሣችው» እንዲሉኝ አልፈልግም።

ጫካው እያለ እንዴት ይራባል ማለትሽ ልክ ነው። እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ድኩላ በደጉ ጊዜ መንገድ ነበራት። ጠዋት ከአስታው ቁጥቋጦ ወርዳ ምንጩ ዘንድ ትጠጣለች፤ ፀሐይ ሲበረታ ኮሶው ሥር ትተኛለች፤ ሲመሽ በመጣችበት ትመለሳለች። መንገዱን እግሯ አልስልሶት ነበር፤ አንቺም በልጅነትሽ ሄደሽበታል። አሁን ከከላላም ከሌላም አገር የራበው ሁሉ ጠመንጃና ወጥመድ ይዞ ገብቷል። ማንንም አልከለክልም፤ ረሃብ ፈቃድ አይጠይቅም። ድኩላዋ ግን መንገዷን ትታዋለች። ሣር በቅሎበታል። አገር ለቃ አልሄደችም፤ ድኩላ አገሯን አትለቅም። እዚሁ ናት። ብቻ የት እንደምትረግጥ አላውቅም። «አላውቅም» ብዬ ስጽፍ እጄ ከበደኝ።

ባልደረባሽ ድንቅነሽ ስለ ቢላችን ሰምታ ስቃለች አልሽኝ። እንዲህ በያት። እኔና ጀብሪል አጥራችን አንድ ነው። እኔ የእሱ ቢላ ያረደውን አልበላም፤ እሱም የእኔ ቢላ የባረከውን አይበላም። ጫካው ግን አንድ ነው፤ ውጅግራ ጠመንጃችንም አንድ ነው። ስለዚህ ተራ አለን። የዛሬው በእኔ ቢላ ከተባረከ የሚቀጥለው በእሱ ቢላ ይታረዳል። አባቶቻችንም እንዲህ ነበሩ። በተራህ ሚዳቋ ብትወድቅ ያው ሚዳቋ ናት። በጎረቤትህ ተራ ቀንዳም ድኩላ ቢወድቅ እሰይ ትላለህ። ተራ አይሸጥም፤ አይለመንም። ከሳቀች ትሳቅ።

በገና ሰሞን አንድ ወድቋል። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ።

አባትሽ አራጌ


ጥር 12 ቀን 1966 ዓ.ም.
ደሴ

ለተከበሩ አባቴ

ጥምቀት እንዴት ነበር አልልዎትም። ታቦቱን ተከትለው እንደማይወጡ አውቄያለሁ።

ደብዳቤዎን ያመጣልኝ ባለበቅሎው ገበየሁ ነው። ከበቅሎው ወርዶ አቧራውን እያራገፈ ሻይ አቀረብኩለት፤ ሲጠጣ ዝም አለ። ገበየሁ ዝም ሲል አይተው ያውቃሉ? «ምን አየህ?» አልኩት። «ምንም» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «እናትሽን ከምንጩ እኔ ነኝ ያመጣኋት፤ እንስራዋን ይዛ ተቀምጣ መነሣት አቃታት፤ በቅሎዬ ላይ ጭኜ አደረስኳት» አለኝ።

ደጁን ጠርጋለች ብለው ነበር የጻፉልኝ።

ሌላም ነገረኝ። በአያ ጀብሪል ቤት ጣሪያ ሥር ቋንጣ ተሰቅሏል፤ ቤቱም ጠኔ ገብቶበታል አለ። «ሥጋ ሰቅሎ የሚራብ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩትም። ሰዎቹ የእኔ ናቸው። ሊስቅ የሚችል ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አልሳቅኩም።

ስለዚህ የገናውን ድኩላ ይንገሩኝ። «ሌላ ጊዜ» ያሉት ጊዜ አሁን ነው።

መጠለያው ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ ነፋስ በማይገባበት ጥግ ሁለት ምንጣፍ ይዤላችኋለሁ። ነጠላዬን አልብሼያቸዋለሁ። ሰው ሲመጣ «የተያዘ ነው» እላለሁ። ድፍረት ይጠይቃል፤ ደጅ ላይ የተኛ ሰው እያዩ «የተያዘ ነው» ማለት። ግን እላለሁ።

ልጅዎ ብርሀንነሽ


ጥር 22 ቀን 1966 ዓ.ም.
ከጫካው ጥግ

ልጄ

ገበየሁ ምላሱ ረጅም ነው። በቅሎው ግን ጥሩ በቅሎ ናት፤ እናትሽን ስላደረሰልኝ አልቀየመውም። አሁን ትቀመጣለች፤ ሳማ ቀቅዬ አጠጣታለሁ። ጎረቤት ሲመጣ ደህና መስላ ለመታየት ፀጉሯን ታበጥራለች። የማን ሚስት መሰለችሽ?

ያልጻፍኩልሽን ልጻፍ።

ገና ሊገባ ሲል ተራው የእኔ ነበር። ለመፈሰኪያ ብዬ ነው የወጣሁት። እኔ ከገደሉ አፋፍ፣ ጀብሪል ከታች ከመሹለኪያው። ወንዱ ድኩላ ወጣ፤ ተኮስኩ፤ ተንከባሎ ወርዶ ጀብሪል እግር ሥር ወደቀ። እኔ እስክወርድ ገደሉን መዞር አለብኝ። ጀብሪል ከታች ጮኸ።

«አያ አራጌ! ነፍሱ እየወጣች ነው! ምን ላድርግ?»

ቢላ ሳያገኘው ቢሞት በክት ነው። ለእኔም አይሆንም፤ ለእሱም አይሆንም። ምን ልበለው?

«እረድ!» አልኩ።

ቢስሚላህ ብሎ አረደ። ስደርስ ቢላውን እንደያዘ ቆሟል። «እሰይ!» አልኩት። የምር ነው ያልኩት። እሱ ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

«ተራህን በላሁብህ።»

«ገደሉ በላው እንጂ አንተ ምን በላህ? እረድ ያልኩህ እኔ።»

«አንተ ሳትበላ ይህ ሥጋ በጉሮሮዬ አይወርድም። ወላሂ።»

ያን ጊዜ የንዴት ወሬ መሰለኝ። አልነበረም። ለልጆቹ ይቆርስላቸዋል፤ እሱና ሚስቱ ሀጀራ ግን አልቀመሱም። እኔ በአጥሩ ላይ «ብላ» እለዋለሁ። እሱ «አምጣና አብረን እንብላ» ይለኛል። እናትሽ ከውስጥ ሆና ትሰማናለች። ትናንት ምን አለች መሰለሽ? «ኩራት ቢቀቀል ኖሮ የሁለታችሁም ድስት ሞልቶ ይገነፍል ነበር።»

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ደጎሎ ገበያ ገብስ አለ ይላሉ። እዚህ በቅሎ ያለው ጀብሪል ነው፤ ነጋዴዎቹም የሚያውቁት እሱን ነው። ማርና ቆዳ ጭኖ ወርዶ ገብስ ጭኖ ቢመለስ ለሁለቱም ቤት ይሆናል። ገብስ ቢላ አያውቀውም። ግን ጉልበቱ አልቋል። ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚውለው። እኔም እናትሽን ትቼ አልሄድም።

ስለዚህ አንድ ድኩላ በቢላዬ መባረክ አለበት። ያኔ እበላለሁ፤ ያኔ ይበላል፤ ያኔ ይወርዳል። የካቲት 11 ሁዳዴ ይገባል። ከዚያ ወዲያ እስከ ፋሲካ ሥጋ አልነካም። እሱም እስከ ፋሲካ አይነካም። እሱ ደግሞ እስከ ፋሲካ አይደርስም። ዓይኑን አይቼዋለሁ።

በየቀኑ እወጣለሁ። ሌሎቹ አዳኞች ቆላ ቆላውን ይላሉ፤ ሸሽታለች ብለው ነው። አልሸሸችም። ትሰማኛለች። የምረግጠውን ትሰማለች፤ የማስለውን ታውቀዋለች። እሷ እኔን ታድነኛለች ብልሽ ይሻላል።

ምንጣፎቹን ለሰው ስጪ።

አባትሽ


የካቲት 2 ቀን 1966 ዓ.ም.
ደሴ

አባቴ

ምንጣፎቹን አልሰጠሁም።

ወረቀቱን ጀምሬ ቀደድኩት፤ ይህ ሌላ ነው። ከተማው እንደ ድሮው አይደለም። ወታደሮች አንድ ቦታ አምፀዋል ይባላል፤ ተማሪዎቹ ግድግዳ ላይ ይጽፋሉ፤ ጠዋት ይጠፋል፤ ማታ ይጻፋል። እዚህ ግቢ ውስጥ ግን ወሬ አይገባም። እዚህ የሚገባው ሰው ነው። ዛሬ ከኩታበር በኩል የመጣች ሴት፣ ልጇን አዝላ ገብታ፣ ልጁን ስናወርድላት «ቀስ በሉ፣ ተኝቷል» አለችን። አልተኛም ነበር።

ሁሉም በአንድ ጎዳና ነው የሚመጡት። ድኩላዋ ጎዳናዋን ተወች ሲሉኝ ገርሞኝ ነበር። አሁን አይገርመኝም። ግን እናንተም እቤታችሁ ሆናችሁ ስትደክሙ ቅር ይለኛል። የትኛው እንደሚሻል የማውቅ መስሎኝ ነበር። አላውቅም። እርስዎም «አላውቅም» ሲጽፉ እጅዎ ከበደ? የእኔም ከበደ።

አንድ ነገር ልንገርዎት። ኅዳር ላይ ደህና ነኝ ብዬ ጽፌልዎት ነበር። አልነበርኩም። ተስቦ ይዞኝ ተኝቼ ነበር። የማክማቸው ሰዎች መሃል ተኛሁ። ከምግቡ አልበላም አልኩ፤ ለተራበ የመጣ ነው፣ የአራጌ ልጅ የተራበ ሰው ድርሻ አትቀማም አልኩ። ምን ያህል እንደኮራሁ አይጠይቁኝ። ድንቅነሽ፣ ያቺ በቢላችሁ የሳቀችው፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ብይ አላለችኝም። ብትለኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር፤ እምቢ ማለቱን ተዘጋጅቼበት ነበር። ጠቅልላ አፌ ላይ አደረሰችው። የሰው እጅ አፌ ላይ ቆሞ ምን እላለሁ? ጎረስኩ።

ይህን የጻፍኩት እንዲያዝኑ አይደለም። ከማን እንደወረስኩት እንደማውቅ እንዲያውቁ ነው።

ለእናቴ ኪኒን ልኬያለሁ፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ለአያ ጀብሪልና ለእቴ ሀጀራ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ።

ብርሀንነሽ


የካቲት 12 ቀን 1966 ዓ.ም.
ከጫካው ጥግ

ለልጄ ለብርሀንነሽ

ኅዳር ላይ የነበረውን አነበብኩ። ለእናትሽ አላነበብኩላትም። ደግሜ አነበብኩት። ሌላ አልጽፍም ስለ እሱ። ድንቅነሽ የምትባለዋን ልጅ ዕድሜዋን ያርዝመው በያት።

አሁን ስለ ድኩላዋ።

ቅዳሜ ጠዋት ከምንጩ ወደ አስታው ወጣሁ። ምንም የለም። ስመለስ በወጣሁበት ወረድኩ። ጭቃው ላይ የበረባሶዬ ዱካ አለ፤ ትንሽ ቀደም ሲል የረገጥኩት። መሃሉ ላይ ሌላ ዱካ። ሁለት ሹል፣ ጠርዙ ገና ያልፈረሰ። ቆምኩ። ቀጥሎ ያለውን ዱካዬን አየሁ፤ እዚያም አለች። ከዚያ ቀጥሎም።

ገባሽ? ሳልፍ ቆማ ታሳልፈኛለች። ከዚያ ተነሥታ ከኋላዬ፣ በእኔው ዱካ ትሄዳለች። አዳኝ የሚያየው ወደፊቱን ነው። አዳኝ አሁን ያለፈበትን ቦታ ማን ያድነዋል? ከጫካው ሁሉ አንድ ደህና ቦታ የእኔ ጀርባ ነበር። ስንት ቀን እንዲህ ስትከተለኝ እንደከረመች እግዚአብሔር ያውቃል። ብቻዬን ሳቅኩ። አፌን ይዤ ሳቅኩ።

እንደገና ወጣሁ። በመንገዱ እንደሚሄድ ሰው እያሳልኩ ወጣሁ። ኮሶው ጋ ስደርስ ቁጭ አልኩ፤ ፊቴን ግን ወደመጣሁበት አዞርኩ። ውጅግራውን ጉልበቴ ላይ። ጭጋጉ ሲሳሳ መጣች።

እንስት ናት። ጎኗ ላይ ያ ነጭ ነጠብጣብ፤ አንዱ ጆሮዋ በወጥመድ ተቀዷል። ሆዷ ከብዷል። አየችኝ። አልሮጠችም፤ ፊቴን አይታ የማታውቅ ይመስለኛል።

እርጉዝ አይመታም፤ ሕጋችን ነው። ግን አልዋሽሽም፤ የያዘኝ ሕጉ አይደለም። ረሃብ ሕግ ይበላል። አነጣጥሬ ነበር። ከዚያ አሰብኩ። ይህን ያህል ቀን ጫካውን ስዞር ከእሷ በቀር የማንንም ዱካ አላየሁም። እሷን ከጣልኩ የሚቀጥለው ተራ የማን ነው? የእኔም አይደለም፤ የጀብሪልም አይደለም። ተራ የሚባለውን ነገር ራሱን ነው የምጥለው። አባቴና አባቱ ያቆዩትን።

አፈሙዙን አወረድኩ። ጀርባዬን ሰጥቻት ወደ ላይ ሄድኩ፤ እንድትከተለኝ። ከኋላዬ ቅጠል ሲነካ ሰማሁ። አልዞርኩም።

ባዶ እጁን የተመለሰ አዳኝ ይኮራል? ኮራሁ ልጄ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ከዚያ ቤቴ ስደርስ እናትሽ እጄን አየች፤ ኩራቱ እንደ ጭጋግ ተገፈፈ። ፈራሁ።

በአጥሩ ላይ ለጀብሪል ነገርኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ሰማኝ።

«ወላሂ ዋሽተሃል» አለ። «አርጅተህ ስተሃት ነው።»

«እንግዲያው ተነሥና ዱካዋን ላሳይህ።»

ለመነሣት ሞከረ። እጁን መሬት ላይ ተከለ፤ ከዚያ መልሶ አነሣው። «ሌላ ቀን» አለ።

ጀብሪል ዱካ ለማየት «ሌላ ቀን» አለ! የሰውዬው ነገር ያኔ ገባኝ።

በማግስቱ እሑድ ቅበላ ነበር። የአገሩ ክርስቲያን፣ ያለው እንኳ፣ የመጨረሻ ሥጋውን የሚቀምስበት ቀን። ገበየሁ ደብዳቤሽን አመጣ። ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። «ብይ አላለችኝም» የሚለው ላይ ቆምኩ። እኔ ለጀብሪል ስንት ቀን «ብላ» አልኩት? «ብላ» ማለት ለእምቢታ መንገድ መጥረግ ነው ለካ።

ተነሥቼ እጄን ታጠብኩ። ጋቢዬን ለበስኩ፤ ለሠርግ እንደምሄድ። በአጥሩ አልተጣራሁም፤ ዞሬ በበሩ ገባሁ።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«መርሃባ፤ ዛሬ ደግሞ በበር?» አለ።

«ሀጀራ፣ ከዚያ ቋንጣ አውርጂና ጠብሺ» አልኳት።

ሀጀራ ባሏን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ከመነሣቷ በፊት አንድ ነገር ፊቷ ላይ አለፈ፤ ምን እንደሆነ እንጃ። ጠብሳ አመጣች። ከቂጣዋ ቆረስኩ፤ ሥጋውን ጠቀለልኩ፤ ጀብሪል አፍ ላይ አደረስኩት።

አፉን ገጠመ።

እጄ እዚያው ቆመ። ልጆቹ ከበውናል።

«የእንግዳ ጉርሻ ልትመልስ ነው?» አልኩት።

«አንተ አትበላም።»

«አልበላም። ተራዬን ግን እንደፈለግኩ አደርገዋለሁ፤ የእኔ ነው ብለህ የለ? እኔ ደግሞ አፍህ ውስጥ ላድርገው ነው ያልኩት።»

ሀጀራ ሳቀች። «በዚህ ቤት ጉርሻ መልሶ የሚያውቅ ሰው የለም፤ አንተ ልትጀምር ነው?» አለችው።

አየኝ። ዓይኑ ውኃ አቀረረ። አፉን ከፈተ።

አላመጠ። ዋጠ። ከዚያ በዚያ በደከመ ድምፁ ምን አለኝ መሰለሽ? «አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

ሁለተኛውን ጠቀለልኩ። ሦስተኛውን ለሀጀራ።

የንስሐ አባቴ መምሬ ያለው ሰምተው፣ «እጅህ ምን ነካ?» ይሉኝ ይሆናል። ይጠይቁኝ። የምመልሰውን አውቃለሁ። ሲመሽ ቤቴ ገብቼ ከእናትሽ ጋር ሳማ ጠጣን። ቅበላችን እሱ ነበር። እንዲህ ያለ ቅበላ በዚህ አገር የያዘ ሰው ካለ ስሙን ንገሩኝ።

ዛሬ ጀብሪል በቅሎዋን ሲያይ ዋለ። ኮቴዋን ያያል፣ ጥርሷን ያያል። ገና አልጠየቅኩትም።

አባትሽ አራጌ


የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም.
ደሴ

ለአባቴ

በገበየሁ እጅ የላኩልኝን ትንሽ ወረቀት ተቀብያለሁ። አያ ጀብሪል ከደጎሎ ተመለሰ፤ ገብሱን አጥሩ ላይ ለሁለት ከፈላችሁት፤ እናቴ በሶ በጥብጣ ጠጥታ ምንጩ ድረስ ደርሳ መጣች። ይህን ብቻ ነው የጻፉት። እኔ ግን እያነበብኩት ነው የሰነበትኩት።

ገበየሁን አመንኩት ብለው አይሳቁብኝ፤ እርስዎ ደጁን ጠርጋለች ብለው ያውቃሉና ጠየቅኩት። «እንስራዋን ራሷ ተሸክማ ነው የተመለሰችው፤ በቅሎዬን ባቀርብላት ሰደበችኝ» አለኝ። ስድቡን አስደገምኩት። የእናቴ ስድብ ነው። አለቀስኩ።

እዚህ ሚኒስትሮቹ ወረዱ እየተባለ ነው። መምህራኑ አላስተማሩም፤ ባለታክሲዎቹ አዲስ አበባ ላይ ቆመዋል ይባላል። ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ትናንት አንድ ተማሪ መጠለያው በር ላይ ቆሞ፣ «ይህ ሕዝብ ዝም ብሎ ሞተ!» እያለ ተናገረ። ልጁ ደግ ልጅ ነው፤ ውኃ ይቀዳልናል። ግን ልቤ እምቢ አለ። ሁሉም ዝም አላለም። ሁለት ቤት አውቃለሁ አልኩ፤ በሆዴ።

ምንጣፎቹን ዛሬ ሰጠሁ። ነጠላዬን አነሣሁ፤ አራግፌ ለበስኩት። ከኩታበር የመጣች አሮጊትና የልጅ ልጇ ተኝተውበታል። አሮጊቷ፣ «የማን ቦታ ነው?» አለችኝ። «የአባቴና የእናቴ ነበር» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ፤ «ነፍስ ይማር» ልትል አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። «አልመጡም» አልኩ። «አይመጡም። አገራቸው ናቸው።» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሰዎች ዞረው አዩኝ። ይዩኝ።

ለድንቅነሽ ደብዳቤዎን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ስለ ጉርሻው ስትሰማ ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም። ፋሻውን እየጠቀለለች፣ «እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ ተራው የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

አሰብኩ። የገናው በአያ ጀብሪል ቢላ ታርዷል። የእርስዎን ተራ እርስዎ አጎረሱት። ቆጠርኩ፤ አልሆነልኝም። ከዚያ ያቺ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ሆዷ የከበደ፣ በእርስዎ ዱካ ላይ የምትረግጠው ትዝ አለችኝ።

«የድኩላዋ ነው» አልኳት።

ልጅዎ ብርሀንነሽ አራጌ